በልብስ ውስጥ ስለሚያዝ ሽጉጥ

ቋንቋችን አንዳንድ ጊዜ ከተናጋሪዎቹ ይልቅ አስተዋይ ሆኖ ይገኛል። ጠመንጃ በትከሻ ይነገታል፥ ጦር በእጅ ይያዛል፥ ጐራዴ በወገብ ይታጠቃል፤ ሦስቱም ከሩቅ ይታያሉ። ሽጉጥ ግን ስሙ እንደሚመሰክርበት የሚሸጐጥ ነገር ነው። አባቶቻችን ይህን አጭር መሣሪያ ባዩ ጊዜ ስለ ድምፁ ወይም ስለ ጥይቱ ስም አላወጡለትም፤ ከልብስ በታች ገብቶ መጥፋቱን ተመልክተው መሸጐጥ ከሚለው ግስ ስሙን አወጡለት። እንግዲህ ገና በስሙ ጥያቄ ተሸክሟል። የሚሸጐጠው ከማን ነው? ስለ ምንስ ነው?

ወጣት አንባቢዎች ሆይ፥ በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የምፈልገው ይህንኑ ነው። በሰው መካከል እየተመላለሰ፥ ከሰው ጋር እየበላና እየጠጣ፥ በልብሱ ውስጥ የሚገድል መሣሪያ የያዘ ሰው፥ አንድም ክፉ ሥራ ባይሠራበት እንኳ፥ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው በድሎታልን? ወይስ በኪሱ ሰንጢ እንደ ያዘ ገበሬ ምንም በደል የለበትም?

ሕግ በየአገሩ ለዚህ መልስ ሰጥቷል። በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177/2012 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል። በአሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እኔም የምናገረው በተለይ ስለዚያ አገር ነው። ለእኛም ቢሆን የሩቅ ወሬ አይደለም። በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ፥ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ብዙ ወገኖቻችን ታክሲ እየነዱ፥ ሱቅ እየጠበቁ፥ ሌሊት እየሠሩ ይኖራሉ፤ ከእነርሱም መካከል ይህን ጥያቄ በመጽሐፍ ሳይሆን ማታ ማታ ሱቃቸውን ሲዘጉ የሚጠይቁ አሉ። ሕግ የፈቀደውን ሁሉ ማድረግ ይገባል የሚል ሰው ደግሞ ሕግና ሕሊና ሁለት ዳኞች መሆናቸውን የዘነጋ ነው። (ከአዋጁ ቍጥር በቀር ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በማስተማር ዘመኔ ሁሉ አንድ ነገር አጥብቄ እጠላ ነበር፤ ይኸውም ስለማያውቁት ነገር መፍረድ ነው። ስለዚህ አስቀድመን መሣሪያውን እንወቀው።

በ1911 የአሜሪካ ሠራዊት የተቀበለው ኮልት የተባለ ሽጉጥ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፥ በካርታውም ሰባት ጥይት ይይዛል። በኒው ሃምፕሸር ግዛት የሚገኘው ሲግ ሳወር የሚባለው ፋብሪካ በ2018 ያወጣው ፒ 365 የተባለ ሽጉጥ ግን ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ያህል ነው፤ ርዝመቱ ዐሥራ አምስት ሳንቲሜትር አይሞላም፥ ውፍረቱም ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ነው፤ በዚህ ትንሽነቱ በካርታው ዐሥር ጥይት ይይዛል። በሸሚዝ ሥር ቢያዝ የሚያውቅ የለም። ክብደቱን ይዤ ያነጻጸርሁት በከንቱ አይደለም፥ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከትንሽነቱ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን አሠራሩ ነው። ይህ ሽጉጥ፥ እንደ ታላቅ ወንድሙም እንደ ፒ 320 (እርሱ በ2014 የወጣ ነው)፥ እየተፈታ የሚገጠም ነው። በውስጡ ምላጩንና ምላጩ የሚያንቀሳቅሳቸውን ጥቃቅን ብረቶች የያዘ አንድ ቁራጭ አለ፤ ስፋቱ በመዳፍ ውስጥ የሚያዝ ያህል ነው። የቀረው ሁሉ በዚህ ቁራጭ ዙሪያ የሚለበስ ልብስ ነው ማለት ይቻላል። የፕላስቲኩ እጀታ ይወጣል፥ በምትኩ ረዥም ወይም አጭር ይገባል። ከላይ የሚንሸራተተው ብረትና አፈሙዙም እንዲሁ ይለወጣሉ። ስለዚህ አንድ ሰው በክረምት ካፖርት ሲለብስ ትልቅ ሽጉጥ፥ በበጋ ቀጭን ሸሚዝ ሲለብስ ትንሽ ሽጉጥ ይኖረዋል፤ የገዛው ግን አንድ ነው። የአሜሪካ ሠራዊትም በጥር 2017 ይህን ዓይነት አሠራር መርጦ ከፒ 320 የተሠሩትን ኤም 17 እና ኤም 18 የተባሉትን ተቀብሏል፤ የውሉም መጠን እስከ 580 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ነበር። ለሠራዊት ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የወታደሮች እጅ ትልቅና ትንሽ ነውና።

እዚህ ላይ አሮጌ የፍልስፍና ጥያቄ በአዲስ ልብስ ይመጣል። ፕሉታርክ እንደሚተርከው አቴናውያን የቴሴዎስን መርከብ ለብዙ ዘመን ጠብቀው አቈዩት፤ የበሰበሰውን ሳንቃ እያነሡ በአዲስ ሳንቃ ይተኩ ነበር፤ ፈላስፎችም መርከቡ ያው ነው ወይስ ሌላ ነው እያሉ ይከራከሩ ነበር። በእነዚህ ሽጉጦች ነገር ግን ክርክሩን የሚዳኝ ሕግ ተገኝቷል። በአሜሪካ ሕግ ሽጉጥ የሚባለው ቍጥር የተቀረጸበት ያ ትንሽ ቁራጭ ብቻ ነው። ያን ለመግዛት ገዢው በነጋዴው ፊት ቀርቦ ማንነቱ ይመረመራል፥ ይመዘገባል። እጀታው፥ ተንሸራታቹ ብረት፥ አፈሙዙም ሳይቀር ግን እንደ መጽሐፍ በፖስታ ቤት ይላካል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ደግሞ አፈሙዙም፥ አካሉም፥ ተንሸራታቹ ብረትም እያንዳንዳቸው ዋና ክፍል ተብለው በቍጥጥር ሥር ናቸው። አንዱ አገር የመርከቡ ነፍስ በአንድ ሳንቃ ውስጥ ናት ይላል፥ ሌላው በሁሉም ውስጥ ናት ይላል። ለመዝገብ ጸሐፊ ሁለቱም ያገለግላሉ። ለሕሊና ግን አንዳቸውም አይበቁም፤ የሞተው ሰው እናት የገደለውን ስትፈልግ በቁራጩም በአፈሙዙም ላይ የተጻፈውን ቍጥር አትጠይቅምና።

አሁን ወደ ክብደቱ ልመለስ። ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት በወገቡ የታጠቀ ሰው ጠዋት ልብሱን ሲለብስ፥ ዛሬ በውኑ ያስፈልገኛልን? ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ወገቡን ያሳምመዋል፥ ሱሪውን ይጎትተዋል፥ ሲቀመጥ ይወጋዋል። ያ ሕመም አማካሪ ነበር። የዛሬው ብልሃት ግን ያን አማካሪ አሰናብቶታል። እንደ ልብሱ የሚለዋወጥ፥ እንደ አካሉ የሚስማማ፥ እንደ ቦርሳ የሚረሳ ሆነ። ሠሪዎቹ ምቾቱን እንደ ትልቅ ጥቅም ያስታውቃሉ፤ በእውነትም ለሚያስፈልገው ሰው ጥቅም ነው። ነገር ግን የሚገድል ነገር እየተረሳ ሲያዝ ማየት ለእኔ አያስደስተኝም። ሰው በየቀኑ የሚወስነው ነገር ውሳኔው ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ወስኖ የረሳው ነገር ግን ልማዱ ይሆናል፤ ልማድ ደግሞ ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ይኖራል።

ስለ መሰወሩ ሰዎች ምን ያህል አሳባቸውን እንደ ለወጡ ማየት ይገባል። ብዙ ሰው አሜሪካውያን ከጥንት ጀምሮ የተሰወረ መሣሪያ ወዳጆች እንደ ነበሩ ያስባል፤ አይደለም። በ1813 የኬንታኪና የሉዊዚያና ግዛቶች መሣሪያን ሰውሮ መያዝን በሕግ ከለከሉ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። በ1850 የሉዊዚያና ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቻንድለር በተባለ ሰው ክስ ይህን ክልከላ አጸና። የምክንያቱ ፍሬ ነገር፥ ዜጋ መሣሪያ የመያዝ መብት አለው፥ ነገር ግን በግልጽ ይያዝ፤ የተሰወረ መሣሪያ ለስውር ብልጫና ለወንድ ለማይገባ ግድያ ያዘጋጃል የሚል ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን በግልጽ የታጠቀ ጨዋ፥ የሰወረ ግን ተንኮለኛ ነበር።

ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ፍሎሪዳ በ1987 መስፈርቱን ላሟላ ሰው ሁሉ ሰውሮ የመያዝ ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ አወጣ፥ ብዙ ግዛቶችም ያን መንገድ ያዙ። በሰኔ 23 ቀን 2022 የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፥ ፈቃድ ፈላጊ የተለየ ምክንያት እንዲያቀርብ ያስገድድ የነበረውንና ከመቶ ዓመት በላይ የቆየውን የኒው ዮርክ ሕግ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ሻረው። በ2024 ከኀምሳው ግዛቶች 29ኙ ለአዋቂ ሰው ያለ ፈቃድ ሰውሮ መያዝን የፈቀዱ ሆነው ነበር። ዛሬ በገበያ መካከል ሽጉጡን አውጥቶ የታጠቀ ሰው ሕፃናትን ያስደነግጣል፥ ፖሊስም ይጠራበታል፤ የሰወረው ግን ጨዋ ይባላል። ነውር የነበረው ትሕትና ሆነ፥ ክብር የነበረው ነውር ሆነ። ሰዎቹ በዚህ መካከል ከፉ ወይም ተሻሉ ማለት አይደለም፤ የሚፈሩት ነገር ተለወጠ እንጂ።

ከሁለቱ የትኛው እውነት አለው? በባላገራችን ሰው ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ገበያ ሲወርድ የሚያየው ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚሰድበው ቢኖር አፉን ይሰበስባል፥ የሚፈራው መንገድ ይለውጣል። የተገለጠ መሣሪያ ይናገራል። ንግግሩ ግን ዛቻም አለበት፤ ደካማው በኀይለኛው ፊት ሁልጊዜ ዐይኑን እንዲሰብር ያደርገዋል። የተሰወረ መሣሪያ አይዝትም፤ በምትኩ ግን ጐረቤቱን ማወቅ የሚገባውን ነገር ይነፍገዋል። እኔ ነገሩን የምለካው በመተማመኑ መጠን ነው። በጎዳና የሚያልፈኝ ሰው ስለ እኔ የሚያውቀው ትንሽ ነው፥ እኔም ስለ እርሱ፤ በኪሱ ያለውን ባይነግረኝ ቃል አላፈረሰም። በቤቴ ገብቶ ከመሶቤ የሚቈርስ እንግዳ ግን ሌላ ነው። እርሱን የተቀበልሁት አንዳች ሳልጠራጠር ነው፤ ልጆቼም በጭኑ ላይ ይቀመጣሉ። እንዲህ ያለው ሰው በልብሱ ውስጥ ጥይት የጐረሰ ሽጉጥ ይዞ ዝም ቢል በድሎኛል፤ ምንም ባያደርግ፥ አሳቡም ንጹሕ ቢሆን። ወይ አስቀድሞ ይንገረኝ ወይ ቈልፎበት ይምጣ። መቀራረቡ በበዛ ቍጥር መሰወሩ ይከብዳል ማለቴ ነው። ይህን ለአንዳንድ ወዳጆቼ ባስረዳ፥ እንግዲያው ሚስቱም ማወቅ አለባት ወይ? ብለው ጠየቁኝ፤ ከሁሉ በፊት እርስዋ!

ቱኪዲደስ የተባለው የአቴና የታሪክ ጸሐፊ፥ በጥንት ዘመን ግሪኮች ሁሉ ቤታቸው ጥበቃ የሌለው፥ መንገዳቸውም የሚያስፈራ ስለ ነበረ መሣሪያ ይዘው ይኖሩ እንደ ነበር፥ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ሰላማዊ አኗኗር አስቀድመው የያዙትም አቴናውያን እንደ ሆኑ ጽፏል። ለእርሱ መሣሪያ አለመያዝ የሥልጣኔ ምልክት ነበር። ይህ ቃል ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። አቴናውያን መሣሪያቸውን ያስቀመጡት መንገዱ ስለ ሰላም ነው፤ መንገዱ ገና ሳይሰላም መሣሪያህን አኑር የሚባለው ሰው ሥልጡን ሳይሆን ምስኪን ይሆናል። ሌሊት ብቻዋን ከሥራ የምትመለስ፥ ሊገድላት የዛተ የቀድሞ ባል ያላት ሴት አለች እንበል፤ ፖሊስ እስኪደርስ የሚያልፉትን ደቂቃዎች የምትቈጥራቸው እርስዋ ናት እንጂ እኔ በወንበሬ የተቀመጥሁት አይደለሁም። ሥልጣኔን አስቀድመሽ ጀምሪ ብዬ ልመክራት አፌ አይደፍርም።

ቶማስ ሆብስ የተባለው እንግሊዛዊ ደግሞ በ1651 ባሳተመው ሌዋታን በተባለው መጽሐፉ፥ ሰው በተፈጥሮው እርስ በርሱ ይፈራራል ማለቱን ለሚጠራጠሩ ሰዎች መልስ ሰጥቷል። መንገድ ስትሄድ ትታጠቃለህ፥ ስትተኛ በርህን ትዘጋለህ፥ በቤትህም ውስጥ ሣጥንህን ትቈልፋለህ፤ ታዲያ እኔ በቃሌ የከሰስሁትን ሰው አንተ በሥራህ አልከሰስኸውምን? የሚል አሳብ ነው። ብርቱ ነገር ነው፤ ሆኖም ከበርና ከሽጉጥ መካከል ልዩነት አለ። በር ከሌባውም ከንጹሑም ጋር አንድ ዓይነት ነው፥ ማንንም አይመርጥም፥ ስሕተቱም ከማዘግየት አያልፍም። ሽጉጥ ግን ባለቤቱ፥ ይህ ሰው ጠላት ነው፥ ይህ አይደለም ብሎ በአንዲት ሰከንድ እንዲፈርድ ይፈልጋል። የያዘውም ሰው ዐይኑን ለዚህ ፍርድ ያሠለጥናል። ከኋላው የሚመጣውን ኮቴ ይሰማል፥ ሱቁ የገባውን ጎረምሳ እጅ ይመለከታል። ይህ ንቃት ነፍሱን ሊያድን ይችላል። ነገር ግን በዚያች ሰከንድ የሚታየው መልክና ቀለም ነው፤ እኛ ጥቁሮች በባዕድ አገር በዚህ ዐይን ስንታይ ምን እንደሚሰማን ስለምናውቅ፥ ራሳችን ሌላውን በዚሁ ዐይን ከማየት ልንጠነቀቅ ይገባናል።

እንግዲህ ሁሉን አመዛዝኖ፥ በሕግ ተፈቅዶለት፥ በእውነተኛ ፍርሃት ምክንያት ሊይዝ ወሰነ እንበል። ዕዳው ምንድር ነው? ከሁሉ አስቀድሞ መሣሪያውን መጠበቅ ነው። ይህን ተራ የእጅ ሥራ ነው ብላችሁ አትለፉት።

በልብስ ውስጥ የሚያዝ ሽጉጥ በሣጥን እንደሚቀመጥ አይደለም። የሰውነት ላብ ያገኘዋል፥ ላብም ጨው አለበትና ዝገት ያመጣል። የልብስ ብናኝና የኪስ ጥራጊ በአፈሙዙና በምላጩ ዙሪያ ይከማቻል። ስለዚህ ባይተኰስበትም እየተፈታ መወልወል አለበት። ከመፍታት በፊት ካርታው ይወጣል፥ ከዚያ ተንሸራታቹ ብረት ወደ ኋላ ተስቦ ይያዛል፥ የጥይት ቤቱ ባዶ መሆኑም በዐይን ይታያል፥ በጣትም ይዳሰሳል። ቅደም ተከተሉን የሚያዛባ ሰው፥ ካርታውን ሳያወጣ ብረቱን የሚስብ፥ ባዶ ያደረገው መስሎት ሌላ ጥይት ያጐርሰዋል። ባዶ ነው በተባለ ሽጉጥ የሞተ ብዙ ነው። ዘይቱ ጥቂት ይሁን፤ የበዛ ዘይት ብናኝ ይሰበስባል። ከሥራው በኋላ እጅ ይታጠባል፥ በባሩዱ ጥቀርሻ ውስጥ እርሳስ አለና።

ትንንሾቹ ሽጉጦች ከትልልቆቹ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ሞላቸው አጭርና ጠንካራ ስለ ሆነ ቶሎ ይደክማል፤ ሠሪው በወሰነው የተኵስ ብዛት መለወጥ አለበት። ማታ ማታ ጥይቱን አውጥቶ ጠዋት ያንኑ ጥይት የሚያጐርስ ሰው ደግሞ ሳያውቅ ሌላ አደጋ ያዘጋጃል፤ አንዱ ጥይት ደጋግሞ በተጐረሰ ቍጥር እርሳሱ ወደ ቀለሁ ውስጥ እየተገፋ ይገባል፥ በውስጡም ያለው ግፊት ከልክ ያልፋል። ብዙዎቹም በአውራ ጣት የሚዘጋ መቈለፊያ የላቸውም፥ መቈለፊያ ያለው ዓይነትም ቢሸጥ። ስለዚህ ምላጩን ፈጽሞ የሚሸፍን ጠንካራ አፎት የግድ ነው፤ ያለ አፎት በኪስ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር የሚጥለው ሰው ለእግሩ አያዝንም።

እየተፈታ በሚገጠመው ዓይነትማ ጣጣው ይበዛል። እጀታውን ወይም አፈሙዙን የለወጠ ሰው በእጁ ያለው ትናንት የሞከረው ሽጉጥ አይደለም። ገጥሞ ሲያበቃ ባዶውን መፈተሽ፥ ከዚያም በተኵስ ሜዳ በብዙ ጥይት መሞከር አለበት። ሠሪዎችም ቢሆኑ ፍጹማን አይደሉም። ፒ 320 በአንድ ዓይነት አወዳደቅ ሲወድቅ ሊተኵስ እንደሚችል በተገለጠ ጊዜ፥ ፋብሪካው በነሐሴ 2017 የምላጩን ክፍሎች ያለ ዋጋ እለውጣለሁ ብሎ አስታወቀ። ከዚያም በኋላ ምላጩ ሳይሳብ ተኰሰ የሚሉ ከሳሾች በፍርድ ቤት ቀርበዋል፥ ፋብሪካውም ይህ አይሆንም ብሎ ተከራክሯል። ማስታወቂያውን ያላነበበ፥ መሣሪያውን ያላስለወጠ ባለቤት፥ ጐረቤቱ ቢጐዳ፥ ጥፋቱ የፋብሪካው ነው ብሎ እጁን መታጠብ አይችልም። ዕውቀት ሊገኝ እየቻለ አለማወቅ ራሱ ጥፋት ነው።

ከብረቱ ጥበቃ የሚከብደው ግን የያዡ ጥበቃ ነው። ሽጉጥ የያዘ ሰው መጠጥ ሊቀምስ አይገባውም፤ እኛ በግብዣ አንድ ብርሌ ጠጅ አልጠጣም ያለውን ሰው እንደምናስጨንቀው አውቃለሁ፥ ቢሆንም። ሽጉጥ የያዘ ሰው ስለ መኪና ማቆሚያ ቦታ ሊጣላ አይገባውም። ሲሰድቡት ቢያልፍ ፈሪ አይባልም፤ ቢባልም ይባል። ባዶ እጁን ያለ ሰው በቡጢ የሚጨርሰው ጠብ በእርሱ እጅ ወደ መቃብር ይሄዳልና፥ ከሌላው ይልቅ ታጋሽ የመሆን ግዴታ ይወድቅበታል። መሣሪያ ልብ ይሰጣል ይላሉ፤ ልብ የሚሰጥ ከሆነ ለዚያ ሰው አይገባውም።

አንድ ነገር ቀረኝ፥ እርሱም ከሁሉ የሚያሳዝነው ነው። ሰው ይህን መሣሪያ ሲገዛ በአሳቡ የሚያየው የማያውቀውን ወንበዴ ነው። በአሜሪካ በ2021 በጦር መሣሪያ ምክንያት 48,830 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ 26,328ቱ ግን ራሳቸውን የገደሉ ናቸው። ከግማሽ የሚበልጠው ማለት ነው። ለወንበዴው የተሸጐጠው ሽጉጥ ከባለቤቱ ጋር ብቻውን የሚሆንበት ሌሊት አለ።

በቨርጂኒያ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በስልክ የነገረኝ እንዲህ ነው። አብሮት ታክሲ የሚነዳ ጓደኛ ነበረው። ይህ ጓደኛ ትዳሩ ፈረሰ፥ ወዲያውም መኪናው ተወሰደበት። አንድ ማታ በሣጥን የተቀመጠ ሽጉጡን ይዞ መጣና፥ «አንተ ዘንድ ይቈይልኝ፤ ለጊዜው ከእኔ ጋር ባይሆን ይሻላል» አለው። ተማሪዬ ሳይጠይቀው ተቀበለ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሰውየው ተመለሰ። ከስቷል፥ እንቅልፍ ያጣ ዐይን ነው ያለው፤ «ደኅና ነኝ፥ ንብረቴን መልስልኝ» ይላል።

ፕላቶን በፖለቴያ መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ያነሣው ጥያቄ ይኸው ነው። ጽድቅ ማለት እውነት መናገርና የተቀበሉትን አደራ መመለስ ነው ለሚል ሽማግሌ፥ ሶቅራጥስ፥ ወዳጅህ ደኅና ሳለ መሣሪያ በአደራ ቢሰጥህና አእምሮው ታውኮ ቢጠይቅህ ትመልስለታለህን? ይለዋል። ሽማግሌው አልመልስም ከማለት በቀር ሌላ መልስ አላገኘም። ለብዙ ዓመት ይህን ክፍል ሳስተምር፥ በትዝታቸው ውስጥ የሚቀር ምሳሌ እንጂ በእጃቸው የሚደርስ ነገር ነው ብለው ያሰቡ ተማሪዎች አልነበሩኝም።

ተማሪዬ ግን ሌላ ብልሃት አገኘ። ሽጉጡ ከእነዚያ እየተፈቱ ከሚገጠሙት ነበረ። ጓድኛውን ሳሎን አስቀምጦ ወደ ጓዳ ገባ፥ ቍጥር ያለበትን ትንሽ ቁራጭ አውጥቶ በኪሱ አኖረ፥ የቀረውን በሣጥኑ መልሶ ሰጠው። ሰውየው ሣጥኑን ሳይከፍት ወሰደ። «ጋሼ፥ ሽጉጡን አልሰጠሁትም፥ አልከለከልሁትምም፤ በሕጉ እንደ ሆነ ሽጉጥ የሚባለው ያ ቁራጭ ነው። አጥፍቻለሁ ይላሉ?» አለኝ።

መከልከሉ ትክክል ነው አልሁት፤ በዚህ ምንም አልተጠራጠርሁም። አደራ የሚመለሰው ለአደራ ሰጪው ነው፤ በዚያ ማታ የመጣው ሰው ግን አስቀድሞ ሽጉጡን ያመጣው ሰው ራሱ፥ ከእኔ ጋር ባይሆን ይሻላል ብሎ የፈራው ሰው ነበር። ሣጥኑን ግን አልወደድሁለትም። ያ ሰው በመጀመሪያው ቀን እውነቱን ለጓደኛው አምኖ ነግሮታል፤ ለዚያ እምነት የሚገባው መልስ፥ ባዶውን እንደ ሙሉ አስመስሎ መስጠት አይደለም። ከዚያም በላይ በእኩለ ሌሊት ብቻውን ሣጥኑን ሲከፍትና ሲያፍር በዐይኔ ታየኝ፤ በማግስቱ ሌላ ሊገዛ ይችላል፥ ከእንግዲህም ለማንም አይነግርም። «አሁኑኑ ሂድና ያደረግኸውን በአፍህ ንገረው፤ ስለ ምን እንዳደረግኸውም ንገረው፤ አድረህም ና» አልሁት። በዚያ አገር ከ2022 ጀምሮ 988 ብለው ቢደውሉ ሌሊትም ቀንም የሚያናግር ሰው እንደሚገኝ ያወቅሁትም በዚያው ሰሞን ነው፥ ነገርሁት።

ሄደ። ጓደኛው መጀመሪያ ጮኸበት፥ ሌባ አለው፤ ሣጥኑን ገና አልከፈተውም ነበር። ከዚያ ዝም ተባባሉ፥ ሻይ አፈሉ፥ እስኪነጋ ተቀመጡ። በሳምንቱ አብረው ወደ ሐኪም ሄዱ። ቁራጩ በተማሪዬ ቤት ተቈልፎበት ከረመ፥ ሰውየውም እስከ ፋሲካ አላነሣውም። ከፋሲካ በኋላ ራሱ ይሸጥልኝ አለ፤ አንዱ ሣጥኑን፥ አንዱ ቁራጩን ይዘው ወደ ነጋዴው ሄዱ። ነጋዴው ሁለቱን ገጣጥሞ አየና ዋጋውን ነገራቸው። በመዝገቡ የጻፈው የቁራጩን ቍጥር ብቻ ነበር።